«መጣሁ!» ብሎ ያልመጣው አስተናጋጅ፦ ቱርክኛን በኃላፊ ጊዜ በር መግባት

(ለትምህርትና ለንግድ ወደ ቱርክ ለመሄድ ለተዘጋጁ ሰዎች ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ። ሰሌዳው ላይ በላቲን ፊደል የጻፍኳቸውን የቱርክኛ ቃላት እዚህ በእኛ ፊደል አስቀምጫቸዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። መቀመጫ ያላገኛችሁ ወደ ፊት ኑ፤ እዚህ ጋ ሦስት ወንበር አለ።

ሻይ ቤት ቁጭ ብላችኋል እንበል። አስተናጋጁን ጠራችሁት። እሱ እዚያ ማዶ የሌላ ሰው ጠረጴዛ እየወለወለ «መጣሁ!» አላችሁ። መጣ? አልመጣም። እግሩንም አላነሳም። ግን ማናችሁም «ውሸታም» አላላችሁትም። ሊመጣ እንደሆነ ገብቷችኋል።

ኢስታንቡል ውስጥ ሻይ ቤት ገብታችሁ አስተናጋጅ ብትጠሩ «ጌልዲም አቢ፣ ጌልዲም!» ይላችኋል። አቢ ታላቅ ወንድም ነው፤ በእኛ «ጋሼ» እንደማለት። ጌልዲም ደግሞ «መጣሁ» ነው። እሱም አልመጣም።

ይህን መጀመሪያ የሰማሁት ቱርክኛ መማር በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። አብረውኝ የነበሩት፣ እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ልጆች ግራ ተጋቡ። «ገና ሳይመጣ ለምን በኃላፊ ጊዜ ይናገራል?» ብለው አስተማሪዋን ጠየቋት። እሷም ልታስረዳ ብዙ ደከመች። እኔ ከኋላ ቁጭ ብዬ እስቃለሁ። ለእኔ የሚብራራ ነገር አልነበረውም። እስከዚያ ቀን ድረስ የክፍሉ ደካማ ተማሪ እኔ ነበርኩ።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። ቱርክኛን በእንግሊዝኛ በኩል አትማሩት። የውጭ ቋንቋ ሁሉ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ነው የሚደርሰን፤ መጽሐፉም፣ ቪዲዮውም፣ መተግበሪያውም። ከአማርኛ ወደ ቱርክኛ በእንግሊዝኛ መሄድ ከቦሌ ፒያሳ ለመድረስ በደብረ ዘይት መዞር ነው። ቀጥታ መንገድ አለ። የመንገዱ መግቢያ ደግሞ ኃላፊ ጊዜ ነው። መማሪያ መጻሕፍቱ «ይህ ምንድን ነው? ይህ ብዕር ነው» ብለው ይጀምራሉ፤ ከዚያ የአሁን ጊዜ ያመጣሉ። እኔ ብጠየቅ «መጣሁ፣ በላሁ፣ ገባኝ» ላይ ነበር የምጀምረው።

ለምን እንደሆነ ላሳያችሁ። ሲርባችሁ ምን ትላላችሁ? «ራበኝ።» ቃሉን እዩት። ኃላፊ ጊዜ ነው። ረሃቡ ግን አሁን ነው፣ ሆዳችሁ አሁን ነው የሚጮኸው። እንግሊዝኛ እዚህ ቦታ በአሁን ጊዜ ነው የሚናገረው። ቱርክ ግን «አጅክትም» ይላል። ራበኝ፤ ኃላፊ ጊዜ። ሲጠማው «ሱሳድም»፣ ጠማኝ። ሲደክመው «ዮሩልዱም»፣ ደከመኝ። ሲበርደው «ኡሹዱም»፣ በረደኝ። ሲጠግብ «ዶይዱም»፣ ጠገብኩ። ነገሩ ሲገባው «አንላድም»፣ ገባኝ። ሰው ሲናፍቀው «ኦዝሌዲም»፣ ናፈቀኝ። ከግብዣ ሊወጣ ሲነሣ «ጊትቲም» ይላል፤ «በቃ ሄድኩ» እንደምንለው፣ ገና ጫማው ውስጥ እግሩን ሳያስገባ።

አንድ ልዩነት ብቻ ልብ በሉ። በአማርኛ ረሃቡ ነው እኔን የሚያደርገኝ፤ «ራበ - ኝ»። በቱርክኛ ሰውዬው ራሱ ነው የሚራበው። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ያለችው «ም» እኔ ማለት ናት። «ኝ» የምትለዋን ፍለጋ አትድከሙ።

ኤርፖርት ስትደርሱ በትልቁ ተጽፎ የምታዩት «ሆሽ ጌልዲኒዝ» ነው። ሆሽ ደህና፣ ጌልዲኒዝ መጣችሁ። «እንኳን ደህና መጣችሁ»። መልሱ ደግሞ «ሆሽ ቡልዱክ» ነው፤ ቃል በቃል «ደህና አገኘን»። እኛም «እንኳን ደህና ቆያችሁን» ብለን በኃላፊ ጊዜ ነው የምንመልሰው። አንድ ሰው ቤት ገብታችሁ «ሆሽ ቡልዱክ» ካላችሁ የቤቱ እናት ፊቷ ይበራል። ሻዩ ቶሎ ይመጣል።

እሺ፣ ግሱን እንገንጥለው። መዝገበ ቃላት ውስጥ ግሶች «ሜክ» ወይም «ማክ» ብለው ያልቃሉ። ጌልሜክ፣ መምጣት። አልማክ፣ መውሰድ ወይም መግዛት። መጨረሻዋን ቁረጡና ጣሏት። ጌል ቀረች። ጌል ብቻዋን «ና» ናት። እሷ ላይ ዲ ጨምሩ፤ ጌልዲ። መጣ። አለቀ፣ ኃላፊ ጊዜ ሆነ። ከዚያ ማን እንደመጣ ትናገራላችሁ።

ጌልዲም፣ መጣሁ። ጌልዲን፣ መጣህ፤ መጣሽም ያው ነው። ጌልዲ፣ መጣ፤ መጣችም ያው ነው። ጌልዲክ፣ መጣን። ጌልዲኒዝ፣ መጣችሁ። ጌልዲሌር፣ መጡ። አንቱ የምትሉትን ሰው በ«ጌልዲኒዝ» ነው የምታናግሩት። እኛ ለአንቱታ «መጡ» ብለን የሩቁን ብዙ ቁጥር እንዋሳለን፤ እነሱ የቅርቡን ብዙ ቁጥር ይዋሳሉ። ባለሱቁንም፣ ቪዛ የሚያየውንም ሰው፣ የጓደኛችሁን አያትም «ኒዝ» በሏቸው። ብታበዙት አትጎዱም።

እዚህ ጋ እኛን ብቻ የሚጠልፍ ወጥመድ አለ። የትኛውም መጽሐፍ አይነግራችሁም፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ተብሎ አልተጻፈማ። «ጊትቲን» የሚለውን ስሙት። ለእኛ ጆሮ «ሄድን» ይመስላል፤ መጨረሻው ን ነውና። ግን «ሄድክ» ማለት ነው። «ጊትቲክ» ደግሞ ለእኛ ጆሮ «ሄድክ» ይመስላል። እሱ ግን «ሄድን» ነው። ሁለቱ ፊደላት ቦታ ተለዋውጠዋል! የእኛ ን የእነሱ «አንተ» ናት፤ የእኛ ክ የእነሱ «እኛ» ናት። እኔ ወር ሙሉ በዚህ ስሳሳት ኖርኩ። የቤት ባልደረባዬን «ትናንት ገበያ ሄድን» ልለው ፈልጌ «ትናንት ገበያ ሄድክ» እለዋለሁ። እሱ ደግሞ «አልሄድኩም» ብሎ ይከራከረኛል። እኔ «ኧረ ሄድን» እያልኩ መስሎኝ «ሄድክ፣ ሄድክ» እለዋለሁ። የሆነ ነገር ጠፍቶብኝ የምጠረጥረው መስሎት ነበር።

አሁን ወደ ድምፁ። ዲ አንድ መልክ ብቻ የላትም። ስምንት መልክ አላት። አትደንግጡ።

መጀመሪያ አናባቢዎቹን እንቁጠር። ቱርኮች ከአረብኛ ፊደል ወደ ላቲን የዞሩት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። አዲሱ ፊደል 29 ሆሄያት አሉት፤ ስምንቱ አናባቢ ናቸው። ከስምንቱ ስድስቱን ልጅ ሆናችሁ ተምራችኋቸዋል። ኣ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኦ፣ ኡ። ስድስተኛዋ ደግሞ ሌላው ዓለም የሚቸገርባት ናት። በላቲን ነጥብ የሌላት «ı» ሆና ትጻፋለች። አብረውኝ የተማሩት ልጆች እሷን ለማውጣት ፊታቸውን ሲያኮማትሩ ትዝ ይለኛል። እኛ ግን ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ ብለን ቆጥረን «ል» ላይ ስንደርስ የምናወጣት ድምፅ ናት። ሳድሳችን! የኔታ አስተምረዋችሁ ጨርሰዋል። እኔ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «አልድም» ብዬ ስጽፍ «ድ»ን ልክ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ አንብቧት።

የቀሩት ሁለቱ የእኛ አይደሉም። «ኢ» በሉ። ምላሳችሁን ሳታንቀሳቅሱ ከንፈራችሁን ለፉጨት እንደምታሾሉት አሹሉ። ወጣች። አሁን «ኤ» በሉና እንደዚያው አሹሉ። ሁለተኛዋም ወጣች። ፊደል ስለሌለን የመጀመሪያዋን ኡ፣ ሁለተኛዋን ኦ አድርጌ ጽፌ «ሹል» እላችኋለሁ። ቅድም ያልኳችሁ «ኡሹዱም» ውስጥ ኡዎቹ ሁሉ ሹል ናቸው። ብርድ ላይ ቆማችሁ ስትሉት ራሱ ይወጣል።

እንግዲህ ዲ እንግዳ ናት፤ የቤቱን አመል ትከተላለች። ከፊቷ ያለው አናባቢ ኤ ወይም ኢ ከሆነ «ዲ» ትሆናለች፤ ጌልዲም። ኣ ወይም ሳድስ ከሆነ «ድ» ትሆናለች፤ አልድም፣ ገዛሁ። ኦ ወይም ኡ ከሆነ «ዱ»፤ ሶርዱም፣ ጠየቅኩ፤ ኦኩዱም፣ አነበብኩ። ከሹሎቹ አንዷ ከሆነች ደግሞ ሹል «ዱ»፤ ጉልዱም፣ ሳቅኩ። አፍ የጀመረውን ቅርፅ ይዞ መጨረስ ይወዳል፤ ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ለዚህ ምሳሌ ሳፈላልግ ዩልየስ ቄሳርን አገኘሁት። ያ «መጣሁ፣ አየሁ፣ አሸነፍኩ» ያለው ሰውዬ ያንን ያለው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ47 ዓመት ዜላ ላይ ካሸነፈ በኋላ ነው። ዜላ ዛሬ ዚሌ ትባላለች፤ ቱርክ ውስጥ፣ ቶካት በሚባለው ክፍለ ሀገር ያለች ከተማ ናት። ቱርኮች ንግግሩን «ጌልዲም፣ ጎርዱም፣ ዬንዲም» ይሉታል። መሃለኛዋን እዩ። ጎር ላይ ያለችው ኦ ሹል ናት፤ ስለዚህ ዲ ተለውጣ ሹል ዱ ሆነች። ጌል እና ዬን ኤ ስላላቸው ዲ እንዳለች ቀረች። ሦስት ቃል ውስጥ ሕጉ ተጽፏል።

«ይህን ሁሉ እያሰብኩ እንዴት ላወራ?» ትሉ ይሆናል። አታስቡትም። አማርኛ ስትናገሩ «ሂድ» የሚለው ለሴት «ሂጂ» እንደሚሆን አስባችሁ ታውቃላችሁ? ድ ወደ ጅ የተለወጠው ቀጥላ የምትመጣው ኢ ስባው ነው። ክፈት፣ ክፈቺ። ተቀመጥ፣ ተቀመጪ። ማንም ሕጉን አልነገራችሁም። አፋችሁ ያውቀዋል። የቱርክኛውንም ሁለት ወር ብትሰሙት አፋችሁ ያውቀዋል።

አራት ሆነ። ስምንት የሚሆነው አንዳንዴ ድ ወደ ት ስለምትለወጥ ነው። ከፊቷ ያለው ተነባቢ ከስምንት ፊደላት አንዱ ከሆነ ት ትሆናለች። እነሱን ለማስታወስ የቱርክ ተማሪዎች «ፍስትክች ሻሃፕ» ይላሉ፤ «ለውዝ ሻጩ ሻሃፕ»። ስሙ ውስጥ ያሉት ተነባቢዎች በሙሉ ናቸው፤ ፍ፣ ስ፣ ት፣ ክ፣ ች፣ ከዚያ ሽ፣ ህ፣ ፕ። ስለዚህ ባክማክ፣ ማየት፣ «ባክድም» ሳይሆን «ባክትም» ይሆናል። ኢችሜክ፣ መጠጣት፣ «ኢችቲም»። ይህም አያስገርመን። «መጣሁ» እንላለን፤ «ሄድሁ» ግን አዲስ አበባ ላይ አንልም፣ «ሄድኩ» እንላለን። ተነባቢ ሲቀድማት ሁ ወደ ኩ ተለወጠች። ጎጃምና ወሎ ያላችሁ «ሄድሁ» ትሉ ይሆናል፤ እናንተ ከሻሃፕ ጋር አትጣሉ እንጂ ሌላው ችግር የለውም።

ስለ መጥበቅ አንዲት ነገር። ጊትሜክ ላይ ቲ ሲጨመር ጊትቲ ይሆናል፤ ት ትጠብቃለች። እኛ ማጥበቅና ማላላት በደማችን ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ይገኛል ነው። ቱርክኛም ላይ «ኤሊ» ሲላላ እጁ፣ ሲጠብቅ ሃምሳ ነው። ብዙ የውጭ ሰው ይህን አይሰማውም። እናንተ ትሰሙታላችሁ፤ ስለዚህ በደንብ አጥብቁ።

ትልቁ የምሥራች ደግሞ ይኸው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አመለኛ ግስ የለም። አንድም። የእኛ ግስ ከውስጥ ነው የሚለዋወጠው፤ ሰበረ፣ ይሰብራል፣ ስበር፣ ሰብሮ። ለውጭ ሰው ስቃይ ነው፣ እውነቴን ነው። ቱርክኛ በዚህ ጊዜ ሥሩን አይነካም። ጌል እንዳለች ትቀመጣለች፤ ከኋላዋ ይቀጠልላታል እንጂ።

«አልመጣሁም» ለማለት ሜ ወይም ማ ከዲ በፊት ታስገባላችሁ። ጌልሜዲም። እኛ ግሱን ከፊትም ከኋላም እናቅፈዋለን፤ አል…ም። እነሱ መሃል ላይ ይሸጉጣሉ። ድምፃችሁን «ጌል» ላይ ጫን አድርጉ፤ ጌል-ሜዲም።

ጥያቄው ደግሞ የራሳችን ነው ማለት ይቻላል። ጌልዲን ሚ? መጣህ ወይ? «ሚ» እንደ «ወይ» ለብቻዋ ትጻፋለች፤ ከኋላ ትቆማለች። እሷም አመሏ እንደ ዲ ነው፤ ሚ፣ ም፣ ሙ፣ ሹል ሙ ትሆናለች። ግን ተንቀሳቃሽ ናት። «ዱን ሙ ጌልዲን?» ካላችሁ፣ ሁለቱም ኡ ሹል፣ «ትናንት ነው የመጣኸው?» ማለት ነው። መምጣቱን አውቀነዋል፤ የተጠየቀው ቀኑ ነው። «ሴን ሚ ጌልዲን?» ደግሞ «አንተ ነህ የመጣኸው?»። እኛ «ነው የ…» ብለን ዓረፍተ ነገሩን እንገለብጣለን። እነሱ ሚን ብድግ አድርገው ከሚጠይቁት ቃል ኋላ ያስቀምጧታል። እነሱ ይቀላቸዋል፤ ማመን አለብን።

አሁን አጭር ማለዳ እንሥራ። «ሳባህ ካልክትም። ቻይ ኢችቲም። ድሻር ችክትም። ኦቶቡስ ጌልሜዲ። ዩሩዱም። ጌች ካልድም።» ጠዋት ተነሣሁ። ሻይ ጠጣሁ። ውጭ ወጣሁ። አውቶቡስ አልመጣም። በእግሬ ሄድኩ። አረፈድኩ። ዩሩዱም ላይ ሦስቱም ኡ ሹል ናቸው። አንድም ቦታ «እኔ» አላልኩም፤ እናንተም በአማርኛ አትሉም። ግሱ መጨረሻ ላይ ነው፤ እንደ እኛው። «ሻይ ጠጣሁ» ብሎ የሚያስብ ጭንቅላት «ቻይ ኢችቲም» ለማለት ምንም አይገለብጥም። አስገራሚው፣ አማርኛ የሴም ቋንቋ ነው፤ ቱርክኛ ከዚያ ቤተሰብ ጋር ዝምድና የለውም። ዘመዳችን አረብኛ ግሱን ከፊት ሲያስቀድም እኛ ከባዕዱ ጋር አንድ ወረፋ ላይ ቆምን።

ተሳቢውም እንደዚያው ነው። «ኪታፕ ኦኩዱም» መጽሐፍ አነበብኩ። የትኛውም መጽሐፍ ሊሆን ይችላል። «ኪታብ ኦኩዱም» ስንል፣ ብ ላይ ሳድሷ ትሰማ፣ መጽሐፉን አነበብኩ። ያ የምናውቀው መጽሐፍ ነው። አማርኛም ለማንኛውም ተሳቢ ን አይሰጥም፤ ሲታወቅ ነው የሚሰጠው። «ዳቦ ገዛሁ»፣ «ዳቦውን ገዛሁ»።

ቃላትም አትፍሩ። በአረብኛ በኩልም ይሁን በሌላ፣ ብዙ ቃል ተጋርተናል። ክብሪት ክብሪት ነው፤ «ኪብሪት» ይሉታል። መቀስ «ማካስ»፣ ደቂቃ «ዳኪካ»፣ ሾርባ «ቾርባ»። ሻንጣችን እንኳ መነሻዋ የእነሱ «ቻንታ» ናት። «ኪብሪት ቢትቲ» ቢሏችሁ ማን ያጣዋል? ክብሪት አለቀ። ሰዓት ስትጠይቁም «ሳአት ካች ኦልዱ?» ነው፤ ሰዓት ስንት ሆነ? ኦልዱ «ሆነ» ነች። ሰዓቱን ግን እንደ ፈረንጅ ነው የሚቆጥሩት፤ ሦስት ሰዓት ብላችሁ ስትቀጥሩ ተጠንቀቁ።

የምንቸገርበት ነገር ደግሞ ጾታ ነው። የእነሱ ችግር ሳይሆን የእኛ። ጌልዲ ስትል ሴት ትምጣ ወንድ አይታወቅም። «እሱ»ም «እሷ»ም «ኦ» ናቸው። አንድ ማታ የቤት ባልደረባዬ ረጅም ታሪክ አወራኝ። ኦ መጣ፣ አለቀሰ፣ ገንዘብ ጠየቀ፣ አልሰጠሁም፣ በሩን ዘግቶ ሄደ። ግማሽ ሰዓት አዳመጥኩ። ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ወንድ ነበር የሳልኩት። መጨረሻ ላይ የድሮ እጮኛው እንደሆነች ሲገባኝ ታሪኩን ሁሉ ከመጀመሪያው እንደገና ማሰብ ነበረብኝ። ያን ዕለት ቀድሜ ብጠይቀው ኖሮ! «ክዝ ም፣ ኤርኬክ ሚ?» ሴት ናት ወንድ? አሁን ወሬ ሲጀመር እጠይቃለሁ። ይስቁብኛል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ቱርክኛ ሁለት ኃላፊ ጊዜ አለው። እስካሁን ያልናት ዲ የዓይን ምስክር ናት። ሌላዋ «ሚሽ» ትባላለች። እሷ የወሬና የምልክት ናት።

ሌሊት ዝናብ ሲዘንብ መስኮት ላይ ቆማችሁ አይታችኋል። ጠዋት «ያሙር ያድ» ትላላችሁ፤ ሁለቱም ያ ሳብ ይላሉ። ዝናብ ዘነበ። ግን ተኝታችሁ ከሆነ፣ ጠዋት መጋረጃውን ስትከፍቱ መሬቱ ረጥቦ ብታገኙት «ያሙር ያምሽ» ነው የምትሉት። «ለካ ዘንቧል»፣ ወይም «ዘንቦ ኖሯል»። ጎረቤት ከነገራችሁም ያው ሚሽ ናት፤ «ዘነበ አሉ»። የእኛ «ለካ»፣ የእኛ «ኖሯል»፣ የእኛ «አሉ» ሦስቱም አንዲት ቅጥያ ውስጥ ተጨምቀዋል። ተረት ሲጀምሩም «ቢር ቫርምሽ፣ ቢር ዮክሙሽ» ይላሉ። አንድ ነበረ አሉ፣ አንድ አልነበረም አሉ። ማንም በዓይኑ አላየውማ።

ልዩነቱን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። አንድ ጠዋት ክፍል በር ላይ ቆመናል። አንድ ልጅ በአጠገቤ ሲያልፍ አስተማሪዋ እንዳልመጣች ነገረኝ። እኔ ዞሬ ለክፍሉ «ሆጃ ጌልሜዲ» ብዬ አወጅኩ። መምህሯ አልመጣችም። በዲ! ማለት ሄጄ አይቻለሁ፣ ቢሮዋ ባዶ ነው፣ እኔ ምስክር ነኝ። ሁሉም አመነኝ። ቦርሳውን አንሥቶ ቡና ሊጠጣ ወጣ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ መምህሯ መጥታ ባዶ ወንበር አገኘች። በማግስቱ «ኪም ዴዲ?» አለች። ማነው ያለው? ጣት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። «ሆጃ ጌልሜሚሽ» ብል ኖሮ ጓደኞቼ «ማን ነገረህ?» ይሉኝ ነበር። አንድ ሰውም ሄዶ ያይ ነበር። ሰሌዳ ላይ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ጻፈችና ክፍሉን ሙሉ በእኔ ስህተት አስተማረች።

እና ያላያችሁትን ነገር በዲ አትናገሩ። ፖሊስ ጣቢያም ሆነ ኮንትራት ላይ ልዩነት ያመጣል።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። የሰው ንግግር ስትጠቅሱ «ጌልዲም ዴዲ» ነው፤ «መጣሁ አለ»። ቃሉን እንዳለ ማስቀመጥ፣ ከኋላው «አለ»። «ብሎ» የምንላት ደግሞ «ዴዪፕ» ናት። «ያርን ጌሊሪም ዴዪፕ ጊትቲ»፣ «ነገ እመጣለሁ ብሎ ሄደ»። ኢፕ የቦዝ አንቀጽ ሥራ ትሠራለች። «ነበር» ለማለትም ያቺው ዲ ስም ላይ ትለጠፋለች፤ «ፓራም ዮክቱ»፣ ገንዘብ አልነበረኝም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ተማሪዎች በተለይ ያዙልኝ። መሳቅ ከፈለጋችሁ ደግሞ፣ ዬዲ «በላ» ነው፣ ሰባትም ዬዲ ነው። «ዬዲ ኤልማ ዬዲ» ሰባት ፖም በላ።

ጥያቄ ካለ እንስማ።

(ከተጠየቁት አንዱን ብቻ እዚህ ላስገባ። ጠያቂዋ ልብስ ልታመጣ ላሌሊ ወደሚባለው የኢስታንቡል የገበያ ሰፈር የምትመላለስ ነጋዴ ናት።)

«ወንድሜ፣ ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። እኔ ግን ዋጋ ማስቀነስ ነው የምፈልገው። ‹አልገዛም› እንዴት ይባላል?»

እህቴ፣ «አልገዛም» ኃላፊ ጊዜ አይደለም፤ ዛሬ አልተማርነውም። ግን ከእሱ የተሻለ ልስጥሽ። እኛ ሱቅ ስንለቅ «በቃ ተውኩት» እንል የለ? እነሱም ሐሳባቸውን ሲለውጡ በኃላፊ ጊዜ ነው የሚሉት። ግሱ ቫዝጌችሜክ ነው። እስቲ አንቺ ሥሪው። ሜክን ጣዪ። ምን ቀረ?

«ቫዝጌች።»

መጨረሻው ላይ ያለው አናባቢ ኤ ነው። ስለዚህ?

«ዲ።»

ተነባቢው ግን ች ነው። ሻሃፕ ዘንድ አለ?

«አለ! ቲ ትሆናለች። ቫዝጌችቲ… ቫዝጌችቲም!»

ተውኩት። አሁን ልብሱን አጥፈሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪ። «ቫዝጌችቲም» በዪ፤ ዞረሽ ወደ በሩ ሂጂ። አትቸኩዪ። ደረጃው ጋ ሳትደርሺ ከኋላሽ «አብላ፣ ጌል ጌል!» ሲል ትሰሚዋለሽ። አብላ እትዬ ማለት ነው። ትመለሻለሽ፣ ዋጋሽን ትነግሪዋለሽ። እሱ ሰማይ ያያል፣ ይተነፍሳል፣ እጁን ያወናጭፋል። ከዚያ «ቬርዲም ጊትቲ» ይልሻል። ሰጠሁሽ፣ ሄደ።